ደራጎን ፍለጋ በፒያሳ

ልጅዎ በሩን ዘግቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ «ድረሱልኝ! ድረሱልኝ! ልወድቅ ነው!» እያለ ሲጮህ ሰምተው ያውቃሉ? እኔ ሰምቻለሁ። ባለፈው ክረምት እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ ጩኸቱ ከመኝታ ቤት መጣ። ሲኒዬን አስቀምጬ ብድግ አልኩ። እህቴ ግን ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ቁጭ በል፤ ጌሙ ነው» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔን የሚያስጨንቀኝ ጩኸቱ አይደለም። ከማን ጋር እንደሚያወራ አለማወቄ ነው» አለች።

እህቴ ያለ ምክንያት አልተጨነቀችም። እኔና እሷ ተወልደን ያደግነው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለው እሪ በከንቱ ነው። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ይደነግጣል፤ ቢጮኹ ሰሚ የሌለበት ቦታ ማለት ነውና። በእኛ ዘመን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። አንድ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ቢላጥ አምስት እናቶች ከአምስት በር ይወጡ ነበር። የእህቴ ልጅም የተወለደው እዚያው ግቢ፣ ያደገውም እዚያው አያቱ ጉያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ የእኛም ግቢ አብሮ ተነሣ። ጎረቤት ከጎረቤት ሳይሰነባበት በየአቅጣጫው ተበተነ።

ልጁ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም ጓደኛ ይዞ ቤት መጥቶ አያውቅም። ትምህርት ቤት፣ ቤት፣ ጌም፤ በቃ። እህቴ መስከረም ሲጠባ ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ልትቆልፍበት ወስናለች።

እኔ የገበያ ሥራ ባለሙያ ነኝ። እንጀራዬ ሰዎች አንድን ነገር ለምን እንደሚወዱ ማወቅ ነው። ስለዚህ፣ «ከመፍረድሽ በፊት አንድ ቅዳሜ ስጪኝ» አልኳት። ያችን ቅዳሜ ነው ዛሬ ለእርስዎ የማወጋዎ። መንገዷን ከልጆችዎ ጋር ሊሄዱባት ይችላሉ።

መጀመሪያ ጌሙን

ጌሙ «ሞንስተር ሀንተር» ይባላል። በእኛ ቋንቋ «ጭራቅ አዳኝ» ብንለው ያስኬዳል። የጃፓኑ ካፕኮም የመጀመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2 ነው። የእህቴ ልጅ የሚጫወተው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን፣ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠውን «ሞንስተር ሀንተር፡ ወርልድ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው «ሞንስተር ሀንተር፡ ዋይልድስ» ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ 8 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጦለታል። በሙያዬ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል።

ከጎኑ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ሙሉ አየሁት። አደኑ እንዲህ ነው። ቢበዛ አራት አዳኞች አንድ ግዙፍ አውሬ ለመጣል ይወጣሉ። በጭፍን ሮጦ መምታት አያዋጣም። መጀመሪያ ዱካውን መከተል፣ ቀጥሎ ጠባዩን ማጥናት ያስፈልጋል። አውሬው ምን ያህል እንደተዳከመ የሚያሳይ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የለም። ሲያነክስ፣ ሲያለከልክ፣ ወደ ጎሬው ሲሸሽ አይቶ መረዳት የአዳኙ ፈንታ ነው። ከተፈለገም ሳይገድሉ በወጥመድ ይዘው ማስተኛት ይቻላል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የአወዳደቁ ሕግ ነው። ከአራቱ አንዱ ሲወድቅ ድመት መሳይ ፍጥረቶች በጋሪ ጭነው ወደ ሰፈሩ ይመልሱታል። እንዲህ ያለው መውደቅ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ላይ ሲደርስ አደኑ ያበቃል። ማን ወደቀ አይባልም፤ የወደቀው አንድ ሰው ቢሆንም የሚሸነፉት ሁሉም ናቸው። ስለዚህ ጎበዙ ደካማውን ትቶት አይሮጥም። ጭንቅ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሰማይ የሚተኮስ የድረሱልኝ መብራት አለ። መብራቱ ሲተኮስ ከሌላው ዓለም ያለ ተጫዋች አይቶ ሊመጣ ይችላል።

«አንተ መሣሪያህ ምንድን ነው?» አልኩት። ጌሙ ውስጥ 14 ዓይነት መሣሪያ አለ፤ ሰይፉ፣ ቀስቱ፣ መዶሻው። እሱ የመረጠው ትልቅ የአደን መለከት ነው። ሲነፋው ጓደኞቹ ይበረታሉ፣ ቁስላቸውም ይድናል። «ራሴን ብቻ ሳይሆን ሁላቸውንም ነው የምጠብቀው» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። አብዛኞቹ ጌሞች የሚሸጡት ጉልበት ነው፤ ይህ ግን የሚሸጠው የሰውን ፍላጎት ነው። ጃፓን ውስጥ በጣም የገነነውም ፒኤስፒ የምትባለዋ በእጅ የምትያዝ ማሽን በነበረችበት ጊዜ ነው። አብሮ ለማደን ጎን ለጎን መቀመጥ ያስፈልግ ነበርና ወጣቶች በየካፌውና በየባቡር ጣቢያው ማሽናቸውን ይዘው ይሰበሰቡ ነበር።

«ፒያሳ ውስጥ ደራጎን እንዳለ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ውሸት!»

«አራት ካላገኘን እናትህ ማሽኑን ትቆልፈው። ካገኘን ግን እኔ አነጋግራታለሁ።»

ውሉን በመጨባበጥ አሠርን።

አዳኝ በባዶ ሆድ አይወጣም

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፒያሳ ስንደርስ ቀጥታ ወደ ጊዮርጊስ ልወስደው አስቤ ነበር። እሱ ግን እምቢ አለ። በጌሙ አዳኞች ሳይበሉ አይወጡም፤ የበላ አዳኝ ጉልበቱ ይጨምራልና። ይህ ሕግ ለፒያሳ የተሠራ ይመስላል። ከኬክ ቤቶቿ ወደ አንዱ ገባን። ለእሱ ወተትና ኬክ፣ ለእኔ ማኪያቶ። ቡና ወዳድ ከሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና የሚቆላው ቶሞካ እዚሁ ነው። ሽታው ራሱ እንደ ዱካ እየመራ ያደርስዎታል።

እየበላን የቦታውን ስም አስረዳሁት። «ፒያሳ» የጣሊያን ቃል ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ቦታው አራዳ ነበር፤ የከተማዋ ትልቁ ገበያ እዚህ ይውል ነበር። ጣሊያኖች ገበያውን ወደ መርካቶ ቢወስዱትም አራዳነት ግን አልሄደም። ነቃ ያለ፣ ከተማ የገባው ሰው እስከ ዛሬ «አራዳ» ይባላል፤ ያልገባው ደግሞ «ፋራ»። ልጁ ሳቀ። «ጌሙ ላይም አለ፤ አዲስ ገቢው ፋራ ነው። አንጃናት የሚባለው አውሬ ጋ ሲደርስ ሁሌ ይወድቃል።»

አንደኛው ደራጎን

የአራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከአፄ ምኒልክ ጋር ወደ ዓድዋ ዘምቷል፤ ድሉም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዕለተ ቀኑ ሆነ። የአሁኑ ሕንፃ የተሠራው ከድሉ በኋላ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እዚህ ነው። በወረራው ዘመን ተቃጥሎ ከነጻነት በኋላ ታድሷል፤ የውስጡን ጥበብ ካስዋቡት መካከል ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አሉበት።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ነጩ ፈረስ፣ ጦሩ፣ ከፈረሱ ኮቴ ሥር የተጠቀለለው ደራጎን። ልጁ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆመ። ካየው በኋላ በሹክሹክታ የጠየቀኝ ግን ስለ ደራጎኑ አልነበረም። «ዛፉ ላይ ያለችው ልጅ ማን ናት?»

ብሩታዊት ናት። በትውፊቱ የአገሩ ሰው ለደራጎኑ ልጆቹን ይገብር ነበር። ተራው የእሷ በሆነ ቀን ነው ቅዱስ ጊዮርጊስ የደረሰው። በእኛ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ ሆና ታያለች።

«ስለዚህ ለማደን አይደለም የመጣው፤ ለማዳን ነው» አለ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የእኛን ፊደል ያስቡት። አውሬ የሚያድነውም «አዳኝ» ነው፤ ሰው ከሞት የሚያተርፈውም «አዳኝ» ነው። በጽሑፍ አንድ ናቸው። ሠላሳ ምናምን ዓመት አማርኛ ሳነብ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛውና መለከቱ

ሁለተኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከምንም። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ስንሄድ ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ የቢራ ሳጥን ተደርድሯል። «ደራጎን!» ብሎ ሲጮህ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየን። እውነቱን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው ፋብሪካ አርማ ያው ፈረሰኛ ነው። «ይቆጠራል ወይ?» አለኝ። በንግድ ሥራ ዲግሪዬ ሥልጣን እንደሚቆጠር አወጅኩ። መቶ ዓመት ያገለገለ አርማ ባይቆጠር ምን ሊቆጠር ነው?

በዚሁ ከአፄ ምኒልክ ሐውልት አጠገብ ወዳለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተሻገርን። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀ ሰፊ ሙዚየም ነው። ለቤተሰብ የሚመች፣ ለልጅ እግር ደግሞ ትንሽ የሚያደክም። እዚያ ደራጎን አልፈለግንም። እኔ ላሳየው የፈለግሁት ሌላ ነበር። ወደ ዓድዋ የዘመተው ጦር ተዋጊ ብቻ አልነበረም። ስንቅ የተሸከሙ፣ ውኃ ያቀበሉ፣ ቁስለኛ ያነሡ ሴቶችና ወንዶች ነበሩበት። አዝማሪዎችም ነበሩበት፤ እየዘፈኑ፣ እያወደሱ፣ ልብ የሚያነሣሱ። ነጋሪቱና መለከቱም ነበር።

«እንደ እኔ» አለ።

«እንደ አንተ።»

ከዚያ ወዲያ ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ጌሙ ውስጥ መለከት የሚይዝ ጥቂት ነው አሉ፤ ብዙው ልጅ ትልቁን ሰይፍ ይመርጣል። የእኛው የዘመቻ ታሪክ ከጎኑ ሲቆምለት ኩራት ተሰማው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም አሮጌው

ወደ ቸርችል ጎዳና ወረድ አልንና አንድ የባህል ዕቃ ሱቅ ገባን። ቱሪስት ብቻ የሚገባበት እየመሰለን እኛ የማንረግጠው ዓይነት ነው። ግድግዳው ላይ በፍየል ቆዳ ላይ የተሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ተሰቅሏል። ብዙ ጊዜ 44 ትናንሽ ሥዕሎች አሉት፤ ልክ እንደ ኮሚክስ መጽሐፍ በተርታ የሚነበብ። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚሄደው ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም ወደምትገባበት ነው። እኛ ግን ከመጀመሪያው ጀመርን።

መጀመሪያ ላይ ያለው እባብ ነው፤ ንጉሥ አርዌ። በትውፊቱ ከነገሥታቱ ሁሉ በፊት አገሩን የገዛው ዘንዶ። ሕዝቡ ከብቱንና ልጁን ይገብርለት ነበር። አጋቦስ የሚባል ሰው ግን ፊት ለፊት አልገጠመውም። ፍየል በመርዝ አበላና ለዘንዶው ሰጠው። ዘንዶው በልቶ ሞተ፤ አጋቦስም ነገሠ።

«ወጥመድ!» አለ ልጁ። «ጌሙ ላይም መርዝ ያለበት ሥጋ እናስቀምጥለታለን።»

ባለ ሱቁ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። ዕቃ ሳንገዛ ሩብ ሰዓት ያህል እያንዳንዱን ሥዕል በጣቱ እያሳየ አስረዳን። ኦሳካ ውስጥ ጌም የሚሠሩት ሰዎች የሚሸጡት ታሪክ እኛ ጋ ቆዳ ላይ ተሥሎ ተሰቅሏል። ግብር የሚበላ አውሬ አለ፤ አንድ የደፈረ ሰው አለ፤ ዘዴ አለ። ልጆቻችን ጌሙን ከእኛ በላይ ያውቁታል። አርዌን የሚነግራቸው ግን እኛ ካልሆንን ማን ይሆናል?

ሰይጣን ቤት እና ፕሌይስቴሽን ቤት

ሽቅብ ተመልሰን በሲኒማ ኢትዮጵያ በኩል አለፍን። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ማሳያ ቤት መጀመሪያ ሲከፈት የከተማው ሰው «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር ነገርኩት። በጨለማ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ያየ ሌላ ምን ይበል? ዓመታት ሲያልፉ ግን ያው ሰይጣን የእሑድ ከሰዓት የቤተሰብ መዝናኛ ሆነ። እናቴም በእኔ ጊዜ ፕሌይስቴሽን ቤትን በዚያው ስም ነበር የምትጠራው።

ያ የእኔ ሰይጣን ቤት ከሁለት ሱቆች መሐል የተጨመቀ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነበር። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። አንድ ጨዋታ አንድ ብር፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቆያል። ንጉሡ የእግር ኳስ ጌም ነበር። ሁለት ልጅ ይጫወታል፤ አሥራ አምስት ልጅ ከጀርባ ሆኖ ያሠለጥናል። መብራት ሲጠፋ ሒሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ጭቅጭቅ ከጨዋታው ይረዝም ነበር።

ግን አንድ ነገር ነበረው። ከበሩ አጠገብ የሚቀመጡ ታላላቅ ልጆች ነበሩ። ሰዓቱ ሲመሽ፣ «አንተ፣ ሂድ ወደ ቤት፤ እናትህ እየፈለገችህ ነው» ብለው በጆሮ ጎትተው የሚያስወጡ። አንድ የማናውቀው ጎረምሳ ትንንሾቹን ሊያታልል ቢሞክር ቀድመው የሚያዩ። ባለቤቱም የማን ልጅ እንደሆንን ያውቃል። ያ ዓይን ነው ዛሬ የጎደለው። በኢንተርኔቱ ክፍል ውስጥ ማንም በር ላይ አልተቀመጠም። ስለዚህ በሩ ላይ የምንቀመጠው እርስዎና እኔ ነን ማለት ነው።

ምሳ በጣይቱ

ምሳችንን ጣይቱ ሆቴል በላን። በጥር 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ ተርፎ የቆመው ይህ የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል የእንጨት ደረጃው ራሱ ታሪክ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ የምነግራትን ወግ ለልጁም ነገርኩት። በዚያ ዘመን ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ነበርና ሆቴሉ ደንበኛ አጣ። ስለዚህ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አሳዩ ይባላል። ሰው አዲስ ነገርን የሚደፍረው የሚያምነው ሰው አብሮት ሲገባ ነው። ይህ ለሆቴልም ይሠራል፤ ለጌምም ለወላጅም ይሠራል።

እሪ በከንቱ

ሦስት ደራጎን አግኝተናል፤ አራተኛ አልነበረኝም። ሳልነግረው ቁልቁል ወረድን።

ከዚያ ቀን በፊት ተመልሼ አላየሁትም ነበር። ሰፊ መንገድ ሆኗል። የእግረኛው መንገድ ንጹሕ ነው፤ አበባና መብራት አለው፤ መቀመጫም አለው። ያምራል። ያምራል ስል ከልቤ ነው፤ ግን ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ማወቅ አቃተኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቦታ ስፈልግ ልጁ ቀጥ ብሎ ሄዶ አንድ መብራት ምሰሶ ሥር ቆመ።

«በሩ እዚህ ነበር። የአያቴ አግዳሚ እዚህ። ኳስ የምንጫወተው ደግሞ እዚያ።»

እንዴት እንዳወቀ ጠየቅሁት። ከማዶ ካለው አሮጌ ሕንፃ ጫፍ ጋር አስተያይቶ ነው። ዱካ መከተል ለካ የት እንደተማረው አሁን ገባኝ።

«አራተኛውስ?» አለኝ።

«አራተኛ የለኝም» አልኩት። «ተሸነፍኩ።»

ዝም አለ። ከዚያ ምሰሶውን እየነካካ፣ «እኔ አይቼዋለሁ» አለ። «ቤቱ የሚፈርስ ቀን ቢጫው ማሽን አንገቱን ሲዘረጋ አንጃናትን ነው የመሰለኝ። እማዬ እያለቀሰች ስለነበር አልተናገርኩም።»

ምን እንደምለው አላወቅሁም። እጄን ትከሻው ላይ ጣል አድርጌ ቆምኩ። ቆይቼ፣ ከእናቱ የተላክሁበትን ጥያቄ ጠየቅሁት። «ድረሱልኝ ስትል የሚመጡት እነማን ናቸው?»

«አታውቃቸውም እንዴ?» አለ ገርሞት። «እዚያ ጥግ ያለው ቤት የነበሩት ወንድማማቾች ናቸው።»

የጎረቤቶቻችን ልጆች! እናታቸውና እህቴ በአንድ ጀበና ቡና ሲጠጡ የኖሩ። አሁን እነሱ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ እኛ በዚህኛው ጫፍ። እህቴ ከሴትየዋ ጋር መጨረሻ ያወራችው ዕቃ የጫኑ ቀን ነው። ስልክ ቁጥሯ አለ፤ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ዓመት አለፈ። ልጆቹ ግን በየሳምንቱ ተገናኝተዋል። የሰፈሩ ስም ቢጮኹ ሰሚ የለም ይላል፤ እነሱ ሲጮኹ ይሰማማሉ።

«አራተኛውስ ማን ነው?»

ትከሻውን ሰበቀ። «አናውቀውም። አንድ ቀን መብራት ተኩሰን የመጣ ነው። ጥሩ ይጫወታል።»

እህቴ የፈራችው እንግዲህ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስህተት ሆኖ ተገኘ። እዚያው ቆመን ደወልኩላት። ማሽኑን እንዳትቆልፍ አይደለም መጀመሪያ የነገርኳት፤ የልጆቹን ስም ነው። ለረጅም ጊዜ ከስልኩ ወዲያ ድምፅ አልመጣም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለቱ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ምኒልክ ሐውልት ሥር ተገናኙ። ታላቁ ወንድም አልመጣም፤ ሁለት ታክሲ ነው፣ ፈተናም ነበረበት። ታናሹና የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ተፋፈሩ። ማዳመጫ ከሌላቸው የሚሉት ጠፋቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ስለ አንድ አውሬ ጅራት መጨቃጨቅ ጀመሩ። እናቶቹም ኬክ ቤት ገብተው ሁለተኛውን ማኪያቶ አዘዙ።

ጭቅጭቁ በእህቴ ቤት አላለቀም። በትምህርት ቀን ማሽኑ አይከፈትም፤ ልጁም በየሳምንቱ ይከራከራል። ስለ አራተኛው አዳኝም እስካሁን አልተስማማንም። ማሽኑ ግን ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን ተቀምጧል። «ድረሱልኝ!» ሲል እህቴ አሁን፣ «ማን ነው የወደቀው?» ብላ ትጠይቃለች።

እኔም በዚያው ሰሞን ስልኬን ከፍቼ፣ ያቺ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ አብሮኝ አግዳሚ ወንበር ላይ ያደገውን ሰው ቁጥር ፈለግሁ። አራት ዓመት ሆኖን ነበር። አነሣው።

ከልጆችዎ ጋር ለመሄድ ካሰቡ

*መንገዱ፦* በእግር ከቁርስ እስከ ምሳ ያለው ጊዜ ይበቃል። መኪናዎን ቤት ይተዉት፤ ታክሲ ይሻላል። ጊዮርጊስ ሲገቡ ጫማ ስለሚወልቅ ለልጆች ንጹሕ ካልሲ ያድርጉላቸው፤ የቅዳሴ ሰዓትም ያክብሩ። ለዓድዋ ሙዚየም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይመድቡ።

*ደራጎን ቆጠራው፦* ቁጥሩን ልጁ ይያዝ፤ ዳኛው እርስዎ ይሁኑ። የቢራውን ሳጥን እንዲቆጠር ቢፈቅዱ አይከፋም።

*ጌሙ፦* «ሞንስተር ሀንተር፡ ወርልድ» በአሜሪካው የደረጃ ምደባ ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ለትንንሾቹ አይሆንም። በፕሌይስቴሽን በኢንተርኔት አብሮ ለመጫወት የአባልነት ክፍያ አለ፤ በብዙ ቤት የሚከፍለው ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ካርዱን ከመቀበልዎ በፊት ስለ ሰዓቱ ይስማሙ። ማሽኑ ሁሉም በሚያልፍበት ክፍል ይሁን። አንድ አደን እስከ 50 ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል፣ «አሁኑኑ አጥፋ» ከማለት «ይህ የመጨረሻው ነው» ማለት ጠብ ያስቀራል፤ መሐል ላይ ሲያቋርጥ ጓደኞቹን ጥሎ መሄዱ ነውና።

*ጥያቄው፦* ስንት ሰዓት ተጫወትክ ከማለትዎ በፊት ከማን ጋር እንደተጫወተ ይጠይቁት። ስማቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ የማን ልጅ እንደሆኑ። ምናልባት እናታቸውን ያውቋት ይሆናል።